የመድረክ ባለሙያው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ (1887–1939 ዓ.ም.)

የሥራ ሰው ቢሞት ሥራው ይቀራል የሚለው አባባል ለሁሉም ሙያ እኩል የሚያገለግል አይደለም። ድልድይ የሠራ ሰው ስሙ ቢረሳም ድልድዩ መንገደኛን ማሻገሩን አይተውም። መንገድ የቀየሰ፣ ቤት ያቆመ፣ የውኃ ጕድጓድ ያስቆፈረ ሰው ሁሉ ሥራው ከዕድሜው አልፎ ይመሰክርለታል። በመድረክ ላይ የሠራ ሰው ዕጣው ከዚህ የተለየ ነው። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ ሥራው አብሮ ይበተናል፤ ያየው ሰው አርጅቶ ሲሞትም ትዝታው አብሮት ይቀበራል። በተለይም የድምፅ መቅረጫና የፊልም መሣሪያ በአገራችን ባልተስፋፋበት ዘመን የሠራ ባለሙያ ከሆነ፣ ከእርሱ የሚተርፈው ጥቂት የጽሑፍ ቅጂና ስም ብቻ ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች በዚህ ዓመት ስለ አንድ ያለፈ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን የመረጥሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛም ምክንያት አለኝ። ይህ ጸሐፊ በሙያው ምክንያት ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድና በገንዳ ውኃ አካባቢ የሚመላለስ ነው። በዚህ ቆላ ስለ ድንበሩ ታሪክ ሲወራ ቀድመው የሚነሡት ነገሥታቱና የጦር አዛዦቹ ናቸው። ይሁንና የሱዳን ድንበር የለያየው ጦርንና ጦርን ብቻ አይደለም፤ የብዙ የተማሩና ባለሙያ የነበሩ ኢትዮጵያውያንንም ሕይወት ከሁለት ከፍሏል። ከእነዚህም አንዱ ዮፍታሔ ናቸው።

ዮፍታሔ ስማቸው ጨርሶ ያልተሰማ ሰው አይደሉም። በትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የተማረ ሁሉ ስማቸውን ያውቃል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይዘመር በነበረው የሕዝብ መዝሙር ግጥም ነው። ዜማውን የደረሰው አርመናዊው የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ሲሆን፣ መዝሙሩ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በየትምህርት ቤቱና በየአደባባዩ ሲዘመር ኖረ። ሥርዓቱ ሲለወጥ መዝሙሩም ተለወጠ፤ ዛሬ በወጣትነት ዕድሜ ያለ ሰው አያውቀውም። ዮፍታሔ ይበልጥ የደከሙበት ሥራ ግን መዝሙሩ አልነበረም። የቴአትር ቤት ባልነበረበት፣ ተዋናይ የሚባል ሙያ ባልታወቀበት፣ ሰው ፊት ወጥቶ መጫወት እንደ ውርደት በሚቆጠርበት አገር መድረክን ማስለመዳቸው ነበር ዋናው ሥራቸው። ይህ ውለታቸው እስካሁን ተገቢውን ዋጋ አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ

ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሙ የገነነ ቦታ ነው። ከየአውራጃው ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ የሚሄድበት፣ ብዙ ሊቃውንት የወጡበት ደብር ነው። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ዮፍታሔ በዚህ አገር የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተከታትለው በቅኔ ተመረቁ፤ ከጊዜ በኋላም ቀኝ ጌታ የሚለውን ማዕርግ አገኙ።

ይህ ማዕርግ ምን እንደ ሆነ ማስተዋል የኋላ ሥራቸውን ለመረዳት ይጠቅማል። በማኅሌት ጊዜ ካህናቱ በቀኝና በግራ ሁለት ወገን ሆነው ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ፤ ዜማው ከዝግታ ተነሥቶ እየፈጠነ ወደ ወረብና ወደ ሽብሸባ ያድጋል። በቀኝ በኩል ያለውን ወገን የሚመራው ቀኝ ጌታው ነው። ስለዚህ ማዕርጉ የክብር ስም ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው በአንድ ሥርዓት እንዲንቀሳቀስ፣ እንዲዘምርና በልክ እንዲያቆም የማድረግ ኀላፊነት ነው። በዛሬው አነጋገር ይህ ሥራ ከአዘጋጅ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ነው።

ቅኔውም ቢሆን እንዲሁ ነው። የቅኔ ተማሪ ያደረበትን ቅኔ ይዞ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይቀኛል፤ ይታረማል፤ አንዳንዴም ይሣቅበታል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ረጅሙ መወድስ ድረስ ሲወጣ፣ ቃሉን ከመፈለግ ጋር በሰው ፊት የመቆምን ድፍረት ይለማመዳል። ሰምና ወርቅ አድርጎ መናገርን፣ ግልጹን ለሁሉም፣ ስውሩን ለሚገባው ማድረስን ይማራል። በመጨረሻም ቅኔ በየጊዜው አዲስ ሊሆን ይገባል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ደግሞ ማለት ለባለ ቅኔ ነውር ነው። ይህ የመጨረሻው ልማድ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ውበት ቢሆንም፣ ሥራን ጽፎ የማስቀመጥን ልማድ አላበረታታም። ዮፍታሔ ወደ መድረክ ያመጡት የቅኔ ቤቱን ብርታት ሁሉ ነው፤ የሥራቸው ብዙ ክፍል ተበትኖ ለመቅረቱም ይህ ልማድ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ከቅኔ ማኅሌት ወደ መድረክ

ዮፍታሔ ወደ አዲስ አበባ በመጡበት ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ገና ሥር በመስደድ ላይ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከተለው። እነዚህና ሌሎች ትምህርት ቤቶች የውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩ የባሕር ማዶ ሰዎች ቢኖሯቸውም፣ አማርኛንና ግዕዝን የሚያስተምሩት ከቅኔ ቤት የመጡ ሊቃውንት ነበሩ። ዮፍታሔም በመምህርነት ተሰማርተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ቴአትራቸውንም የጀመሩት በተማሪዎቻቸው ነው።

ከእርሳቸው በፊት በአማርኛ ቴአትር አልተጻፈም ማለት አይደለም። በሩሲያ ተምረው የመጡት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ፋቡላ የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለውን ድርሰት በመኳንንቱ ፊት አሳይተው ነበር። በእንስሳት ስም የጊዜውን አስተዳደር የሚነቅፍ ስለ ነበር በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ። አዲሱ ጥበብ ገና ብቅ ሲል ስለ ተቀጨ ቴአትር ለጥቂት ዓመታት አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. ካረፉና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ከተከበረ ወዲህ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ዘመናዊ መምሰልን የሚወዱ ነበሩና በትምህርት ቤቶች በዓል ላይ ቴአትር ማሳየት የተለመደ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሥራውን በትከሻቸው ከተሸከሙት ሰዎች መካከል መላኩ በጎሰውና ዮፍታሔ ንጉሤ ግንባር ቀደም ነበሩ።

የሥራው ሁኔታ ምን ይመስል እንደ ነበር ባለሙያ የሆነ አንባቢ በቀላሉ ይገምታል። ለቴአትር ተብሎ የተሠራ አዳራሽ አልነበረም። ተዋናይ የሚባል ደመወዝተኛ አልነበረም፤ የሚጫወቱት ተማሪዎች ናቸው። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ የማይታሰብ ስለ ነበር የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ከሁሉም የከበደው ግን የሰው አመለካከት ነው። በሰው ፊት እየዘፈኑና እየተጫወቱ ሌላውን ማስደሰት የአዝማሪ ሥራ ነው ተብሎ ይናቅ ነበር፤ አዝማሪም ቢሆን በሚገባው ክብር አልተያዘም ነበር። የመኳንንት ልጅ፣ የካህን ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ ወደ መድረክ እንዲወጣ ለማድረግ በወላጆች ዘንድ የተከበረ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዮፍታሔ ሊቅ፣ መምህርና ባለ ማዕርግ ስለ ነበሩ ይህን መሰናክል ለማለፍ የተመቹ ሰው ሆኑ። ቀኝ ጌታው ያዘጋጁት ጨዋታ የአዝማሪ ጨዋታ ነው ብሎ ለማጣጣል የሚደፍር ብዙ አልነበረም።

ድርሰቶቻቸውም በርካታ ናቸው። ጥቅም ያለበት ጨዋታ፣ ምስክር፣ ያማረ ምላሽ፣ የሆድ አምላኩ ቅጣት፣ እያዩ ማዘንና አፋጀሽኝ ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። የመጀመሪያው ርእስ ራሱ የዘመኑን ክርክር ይናገራል፤ ጨዋታ ከንቱ ነው ለሚለው ሰው፣ ጥቅምም ያለበት ጨዋታ አለ ብሎ በርእሱ መልስ የሚሰጥ ነው። የሆድ አምላኩ ቅጣት ደግሞ ከስሙ እንደምንረዳው ለሆዱ ያደረን ሰው የሚወቅስ ነው። እነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው በግጥም የተጻፉ፣ መዝሙርና እንቅስቃሴ የበዛባቸው ነበሩ። የሙዚቃው ክፍል ብዙውን ጊዜ የተቃናው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በመተባበር ነበር። ናልባንዲያን በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ጋር የመጣ መምህር ነው። አንዱ የያሬድን ዜማ፣ ሌላው የምዕራባውያንን የሙዚቃ ምልክት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች አብረው መሥራታቸው በአገራችን የኪነ ጥበብ ታሪክ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ነው። የማኅሌቱ ሥርዓትና የባሕር ማዶው መሣሪያ በአንድ መድረክ ላይ ተገናኙ፤ ከዚያም ወዲህ ሙዚቃና ግጥም የአማርኛ ቴአትር የማይለዩት ጓደኞች ሆነው ለብዙ ዘመን ቆዩ።

የጦርነቱ ዋዜማ

በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ የወረራ ዝግጅት በግልጽ መታየት ጀመረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የኢትዮጵያ ብሔራዊ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። የማኅበሩ ዓላማ ሕዝቡን በንግግር፣ በግጥምና በመዝሙር እያነቃቁ ለመከላከል ማዘጋጀት ነበር። ዛሬ ሀገር ፍቅር ቴአትር ብለን የምንጠራው ድርጅት የተወለደው እንግዲህ ለመዝናኛ ሳይሆን ለጭንቅ ቀን ነው። ዮፍታሔ በዚህ መድረክ ላይ ከሚናገሩትና ግጥም ከሚያሰሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ እንደ ተደረገ ማስተዋል ይገባል። ቀድሞ ተመልካቹ መኳንንትና የውጭ አገር መልእክተኞች ነበሩ፤ አሁን በአራዳ አደባባይ የሚሰበሰበው ሸማኔው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩና እናቲቱ ሆነ። በቤተ መንግሥት በዓል ላይ ቃሉ ለውበት ይሰማ ነበር፤ በአደባባዩ ግን ቃሉን የሰማ ሰው ወደ ጦር ሜዳ ይሄዳል፤ ሄዶም ላይመለስ ይችላል። ለመድረክ ሰው ከዚህ የከበደ ኀላፊነት የለም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። የትምህርት ቤቶቹ መድረክ ተዘጋ፤ በመድረኩ ላይ ያደጉት ልጆች ግማሾቹ ወደ ዱር፣ ግማሾቹ ወደ ስደት፣ ግማሾቹ ወደ መቃብር ሄዱ። ዮፍታሔም አገራቸውን ትተው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ድንበርና ስደት

በመተማ በኩል የሚያልፈው መንገድ ለኢትዮጵያ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጎንደር ተነሥቶ ወደ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ወደሚለው ቆላ የሚወርደው ይህ መስመር፣ ለዘመናት የቡና፣ የሰምና የዝባድ ንግድ ሲመላለስበት የኖረ ነው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ የወጡበት ቋራ በዚሁ ቆላ ይገኛል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በመተማ ነው። በወረራው ዘመን ደግሞ ጠላት በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ ቆላው የስደተኛውም የአርበኛውም መተላለፊያ ሆነ። እነ አሞራው ውብነህ በአርማጭሆ ጫካ ሲዋጉ፣ የሱዳን ድንበር ለአንዱ የጥይት ተስፋ፣ ለሌላው የነፍስ መሸሸጊያ ነበር።

ድንበሩን መሻገር ግን ነጻ መሆን ማለት አልነበረም። ሱዳን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች። እንግሊዝ ደግሞ ከኢጣሊያ ጋር ላለመጣላት ትጠነቀቅ ነበር፤ በ1930 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር በተዋዋለችው ስምምነትም ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መያዟን ለመቀበል ተስማማች። በዚህም ምክንያት በሱዳን የነበረ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ እንደ ልቡ ስለ አገሩ መስበክ፣ ሕዝብ ሰብስቦ መናገር አይችልም ነበር። ወታደር ስደተኛ ቢሆን ጠመንጃውን ደብቆ ቀን ይጠብቃል፤ ነጋዴ ቢሆን በሰው አገር ገበያ ጥቂት ሥራ አያጣም። የመድረክ ሰው ግን ያለ ሕዝብ፣ ያለ ቋንቋውና ያለ ተጫዋቾቹ ምንም ማድረግ አይችልም። ዮፍታሔ ከ41 እስከ 46 ዓመት ያለውን ዕድሜያቸውን፣ ማለትም አንድ ባለሙያ ልምዱም ጉልበቱም የሚገጥሙለትን ጊዜ ያሳለፉት እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው። የሙያ ሕይወታቸው ከመካከሉ ተቈረጠ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ስደቱ ብዕራቸውን ጨርሶ አላደረቀውም። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው አፋጀሽኝ የተወለደው ከወረራውና ከስደቱ ዘመን መከራ ነው። ርእሱ ለአንዲት ሴት የሚነገር ወቀሳ ይመስላል፤ በቅኔው ልማድ ግን ሰሙ ሴት ሲሆን ወርቁ ሌላ ነው። አገርን በሴት መስሎ፣ ስለ እርሷ የሚፋጁትን፣ የሚከዷትንና የሚሞቱላትን ማሳየት የቅኔ ቤት ልጅ ሙያ ነው። የደብረ ኤልያሱ ትምህርት እዚህ ላይ ፍሬውን ሰጠ፤ ቀድሞ ስለ ምግባር ይሰብኩ የነበሩት ደራሲ አሁን ከራሳቸው ቁስል ተነሥተው ጻፉ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በዚያው ወር መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ደረሱ፤ ኢጣሊያኖችም ከመተማ ማዶ ያለችውን ገላባትን ያዙ። በነሐሴ ወር የኮሎኔል ሳንፎርድ ጓድ በመተማ ደቡብ በኩል ሾልኮ ወደ ጎጃም ገባ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዞች ገላባትን ለማስለቀቅ ከባድ ውጊያ አደረጉ፤ ጠላት መተማን ለቆ የወጣው በጥር ወር ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ተተከለ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ዮፍታሔም ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ በነጻነቱ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

መመለስና ዕረፍት

ከነጻነት በኋላ አገሪቱ የተማረ ሰው እጅግ ያንሳት ነበር። በወረራው ጊዜ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ወጣት ምሁራን ተፈጅተዋል። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ በሕዝብ የታወቀ ሰው ሁሉ ለመንግሥት ሥራ ይፈለግ ነበር። ዮፍታሔም የሹመት ሥራ ያዙ። ሹመት ክብር ነው፤ ለመድረክ ሰው ግን ጊዜ የሚወስድ ክብር ነው። በ1939 ዓ.ም. በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናይ የዘመኑ አቆጣጠር እንዴት እንደ ጐዳቸው ይገባናል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ እርሳቸው ካረፉ ከ9 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሂሩት አባቷ ማነው የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተከፈተው በ1970 ዓ.ም. ነው። አዳራሹም፣ ፊልሙም፣ ትምህርቱም የመጡት መንገዱን የጠረጉት ሰው ከሄዱ በኋላ ነው።

ከአገራቸው ልጅ ከሐዲስ ዓለማየሁ ጋር ሲነጻጸሩ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ሐዲስም በወጣትነታቸው ቴአትር ጽፈዋል፤ ስማቸውን የተከለው ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለዳቸው ነው። መጽሐፉ በየቤቱ ገባ፤ ቆየት ብሎም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ድምፁ ተቀርጾ ቀረ። ሐዲስ የማተሚያ ቤትን፣ ወጋየሁ የመቅረጫን ዕድል አገኙ። ዮፍታሔ ሁለቱንም በበቂ ሁኔታ አላገኙም። የልዩነቱ ምክንያት የችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሥራን የሚያቆይ መሣሪያ በዘመናቸው አለመኖሩ ነው።

ትችቱና ሚዛኑ

ዮፍታሔን ማመስገን ብቻ ግን ሚዛን አይሆንም። በሥራዎቻቸው ላይ ሁለት ዓይነት ትችት ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ቴአትራቸው ስብከት ይበዛዋል የሚለው ነው። ሰዎቹ እንደ ጎረቤት ሰው ከመናገር ይልቅ የምግባር ምሳሌ ሆነው ይቆማሉ፤ ድርጊቱ ያንሳል፤ ግጥሙ ይረዝማል። ከእርሳቸው በኋላ መንግሥቱ ለማ በኮሜዲያቸው የተራውን ሰው አነጋገር ወደ መድረክ ሲያመጡ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የታሪክ ሰዎችን ከነውስጣዊ ትግላቸው ሲያቆሙ፣ የቀድሞው አጻጻፍ አርጅቶ መታየቱ አይቀርም። ሁለተኛው ትችት፣ ለዘውዱ የዘመሩ ደራሲ ናቸው የሚል ነው።

ሁለቱም ትችቶች እውነት አለባቸው፤ ሆኖም ሥራ የሚመዘነው በተሠራበት ጊዜ ከነበረው ጭነት ጋር ነው። ለእንስሳት ጭነት የተሠራን ድልድይ የከባድ መኪና ሚዛን አይችልም ብለን ሠሪውን ብንነቅፍ ፍርዳችን ይጎድላል። የዮፍታሔ ተመልካች ቴአትር አይቶ የማያውቅ፣ ጆሮው ግን ለቅኔና ለዜማ የሠላ ሕዝብ ነበር። በሚያውቀው መንገድ ካልተቀበሉት በቀር ወደማያውቀው ሊመጣ አይችልም። የዘውዱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከፋቡላ መታገድ በኋላ ያለ መንግሥት ፈቃድ ቴአትር ማሳየት አይቻልም ነበር። ዮፍታሔ በዚያ ጠባብ በር ገብተው መድረኩን አስፈቀዱ፤ በሰምና ወርቅም ሆዳሙን፣ ሐሰተኛውንና ከሀዲውን ነቀፉ። ከዚያም አልፎ ክፉው ቀን ሲመጣ ያወደሱትን አገር ለጠላት አልሸጡም፤ በስደት መከራውን ተቀበሉ። ለአዲሱ ጌታ መዝሙር የጻፉ ሰዎች በነበሩበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእኛ የሚቀረው

ይህን ታሪክ በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ ማንሣት ከቦታው የወጣ የሚመስለው ባልደረባ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከሙያችን የራቀ ሆኖ አላየሁትም። በእኛም ዘንድ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ሥራው እንደ ተሠራ የሚያሳየው ንድፍ ግን ተሟልቶ አይቀመጥም። ከጎንደር እስከ መተማ ባለው መስመር ላይ አንድ አሮጌ የውኃ ማስተላለፊያ ለመጠገን ሲፈለግ፣ ማን እንደ ሠራው፣ በምን ስሌት እንደ ሠራው የሚናገር ወረቀት አይገኝም። ሥራው ቆሞ ሳለ ዕውቀቱ ጠፍቷል። በዮፍታሔ ደግሞ ከዚህ የባሰው ሆነ፤ ሥራውም ዕውቀቱም አብረው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ያልጠፉትም ሰው ስለ ደከመላቸው ነው። ገጣሚውና የዩኒቨርሲቲው መምህር ዮሐንስ አድማሱ ስለ ዮፍታሔ ሕይወትና ጽሑፍ ሰፊ ጥናት አዘጋጅቶ ተወልን። ሰውየውን የሚያውቁ ሳይሞቱ፣ ወረቀቱም ፈጽሞ ሳይበተን የተሠራ ሥራ ስለ ሆነ ዛሬ ስለ ዮፍታሔ የሚጽፍ ሁሉ፣ ይህ ጸሐፊም ጭምር፣ የእርሱ ባለ ዕዳ ነው። ዮሐንስ በ1967 ዓ.ም. በወጣትነቱ ተቀጨ፤ ጥናቱ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ለሕዝብ የደረሰው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የዘነጋነውን ሰው ያስታወሰን እርሱም ራሱ በሕይወት ሳለ የድካሙን ፍሬ አላየም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በዚሁ በመተማ በኩል በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ወደ እኛ ተሻግሯል። ዮፍታሔ በስደት ወደ ኖሩበት አገር ሳይሆን ከዚያ አገር ወደ እኛ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ከተሻገሩት መካከል መምህር፣ ሐኪም፣ ሙዚቀኛና የእኛው ሙያ ባልደረባ አይጠፋም። በእጃቸው ይዘውት የመጡት ንብረት ሊቈጠርና ሊመዘገብ ይችላል፤ በራሳቸው ውስጥ ይዘውት የመጡት ሥራ ግን ጠይቆ የሚመዘግበው ካልተገኘ በቀር አይታወቅም።

ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በምንሠራበት ወረዳ፣ በገንዳ ውኃም ሆነ በቋራ፣ በመተማም ሆነ በአርማጭሆ፣ ትምህርት ቤት ስንሠራ ለተማሪዎች መጫወቻ የሚሆን፣ ድምፅ የሚሰማበት አንድ መጠነኛ መድረክ በንድፉ ውስጥ እንዲካተት እንሟገት። ወጪው ከአንድ የመማሪያ ክፍል ወጪ ያነሰ ነው። ዮፍታሔ ቴአትርን የጀመሩት ከእንዲህ ያለ የትምህርት ቤት ግቢ ነውና፣ ሥራቸውን ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ሐውልት ያለ አይመስለኝም። የልጆቹን ጨዋታ ደግሞ ዛሬ በየኪሳችን ባለው መሣሪያ እንቅረጸው፤ እርሳቸው ያጡት ይህን ነበርና።